ስምንት ዓመት “አለርጂ ነው” ሲሉኝ

የአንድ ወዳጃችን ልጅ ክርስትና ላይ ነው። ፍራንክፈርት ውስጥ በተከራየነው አዳራሽ ሃምሳ የምንሆን ሰዎች ተሰብስበናል፤ ዶሮው፣ አይቡ፣ ድፎ ዳቦው ቀርቧል። አጠገቤ ለተቀመጠች የአራት ዓመት ልጅ ትንሽ ጉርሻ ጠቅልዬ ዘረጋሁላት። አፏን ከፈተች። እናቷ ግን ትከሻዋን ይዛ በቀስታ ወደ ራሷ ሳበቻትና “ተያት፣ ጠግባለች” አለችኝ። ልጅቱ ገና ምንም አልቀመሰችም። እናትየው የምታየው እኔን ሳይሆን ክርኔን ነበር። የሹራቤ እጅጌ ወደ ላይ ተሰብስቦ ኖሮ ነጫጩ ቅርፊት ጥቁሩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ረግፏል።

ጉርሻውን ራሴ ጎረስኩት። ምን ላድርገው?

አልተቀየምኳትም ብል እዋሻለሁ። ግን “አትፍሪ፣ አይተላለፍም” ብዬ ልነግራት የምችልበት እውቀት በዚያን ጊዜ እኔም አልነበረኝም። ክርኔ ላይ ያለውን ነገር ስሙን እንኳ አላውቅም ነበር። የማውቀው ሰው ሁሉ የሚለኝን ነው፤ “አለርጂ ነው።”

የጀመረኝ ጀርመን በመጣሁ በሁለተኛው የብርድ ወቅት፣ በ2011 ነው። መጀመሪያ የግራ ክርኔ ላይ ሳንቲም የምታህል ሻካራ ነገር ወጣች። የምሠራው በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስለሆነ ክርኔ ከጠረጴዛው ጋር ሲፋተግ የመጣ መሰለኝ። ቀጥሎ ቀኝ ክርኔ፣ ከዚያ ጉልበቶቼ፣ ከዚያ ራሴ። የራሴን ፎረፎር ነው ብዬ ሻምፑ ስቀያይር ከረምኩ። መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም ጭርት ነው ብሎ የፈንገስ ቅባት አዘዘልኝ፤ አራት ወር ተቀባሁት፣ ምንም ለውጥ የለም። ኋላ እንደገባኝ፣ ብዙ ሐኪሞች የተማሩባቸው ፎቶዎች የነጭ ሰው ቆዳ ናቸው፤ እዚያ ላይ ይህ በሽታ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይታያል። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፣ አንዳንዴም አመድማ ወይም ጥቁር ቡናማ ነው፤ ሲድንም ጠቆር ያለ ምልክት ትቶ ይሄዳል። ቀይ የሚፈልግ ዓይን እኛን ሳያየን ያልፋል።

ከዚያ በኋላ ሐኪሞቼ ወዳጅ ዘመዶቼ ሆኑ። አንዷ በርበሬ ተዪ አለችኝ፣ ተውኩ። ሌላዋ ወተት አለች። ቲማቲም ያለም ነበር። አንዱ ደግሞ የዚህ አገር ውኃ ኖራ ስለሚበዛበት ነው ብሎ የታሸገ ውኃ ፊቴን እንድታጠብ መከረኝ። እናቴ በስልክ “ልጄ፣ ለጋ ቅቤ ተቀቢበት” ትለኝ ነበር። ቅቤው ቅርፊቱን ያለሰልስልኛል፣ ለዚህ አልዋሸውም፤ በሽታውን ግን አልነካውም። ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን ሴቲሪዚን የተባለ የአለርጂ ኪኒን ደግሞ እንደ ከረሜላ ዋጥኩት። ማሳከኩ ቅንጣት ታህል አልቀነሰም። አለርጂ ከሆነ የአለርጂ ኪኒን ለምን አይሠራም? ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ዓመት ብጠይቅ ኖሮ ብዙ ነገር በቀረልኝ ነበር። የጠየቅኩት ግን ሆስፒታል ተኝቼ፣ በ2019 ነው።

በ2018 ኅዳር ላይ እናቴ ሞተች። መርዶውን የነገሩኝ ሦስት የአገር ልጆች ናቸው፤ ገና ሳይነጋ በሬን ሲያንኳኩ ገባኝ። ያን ቀን ስጮህ አንገቴ ሥር በጥፍሬ ቧጥጬዋለሁ፤ እኔ ትዝ አይለኝም፣ ሰዎች ናቸው የነገሩኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሦስቱን የጥፍር መስመሮች ተከትሎ ያው ቅርፊት ወጣ። በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። ክርኔና ጉልበቴ ላይ ያለውም ተስፋፋ፤ ሌሊት ሌሊት አንሶላው ላይ ደም ማየት ጀመርኩ።

ለአርባዋ አዲስ አበባ ስሄድ አንዲት ዘመዴ አይታኝ ደነገጠችና አንድ መድኃኒት ቤት ወሰደችኝ። ማንም ማዘዣ አልጠየቀኝም። ፕሬድኒሶሎን የተባለ ኪኒን ሰጡኝ። በአንድ ሳምንት ቆዳዬ እንደ ሕፃን ቆዳ ሆነ። እጅጌ ጉርድ ልብስ ለብሼ አልቃሾች መሐል ተቀመጥኩ፤ በሐዘን ላይ ሆኜ እንኳ በዚህ ደስ እንዳለኝ አስታውሳለሁ፣ ያሳፍረኛል። ስመለስ ብዙ ፓኮ ሻንጣዬ ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር አሽጌ አመጣሁ። ሦስት ወር ያህል በራሴ ልክ ወሰድኩት። መጋቢት ላይ አለቀና በአንድ ጊዜ አቆምኩ።

አሥር ቀን አልፈጀም። መላ ሰውነቴ የፈላ ውኃ እንደተደፋበት ሆነ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቆዳው በእጅ ሲነካ የሚነሣ። በአምቡላንስ ወሰዱኝ፤ ሁለት ሳምንት ተኛሁ።

እዚያ ያገኘኋት የቆዳ ሐኪም ጠና ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን የበሽታውን ስም ነገረችኝ፤ ሶሪያሲስ። በሁለተኛው ቀን ሆስፒታል ያደረሰኝን ነገረችኝ። “እዚህ ያስተኛዎት ሶሪያሲሱ ብቻ አይደለም፤ ያንን ኪኒን ወስደው በአንድ ጊዜ ማቆምዎ ነው” አለችኝ። እንዲህ ያለው የኮርቲዞን ኪኒን ወይም መርፌ ሶሪያሲስን ለጊዜው ያበርደዋል፤ ሲቋረጥ ግን በሽታው ከበፊቱ ብሶ፣ አንዳንዴም ሕይወት በሚያሰጋ ሁኔታ ሊመለስ ይችላል። ከአገር ቤት መድኃኒት በሻንጣ የምናስመጣ ሰዎች ብዙ ነን፤ ስለዚህ ነው ነውሬን በአደባባይ የምናገረው። ፊት ለማቅላት ተብለው በሚሸጡ አንዳንድ ቅባቶች ውስጥም ክሎቤታሶል የተባለ ከዚያው ወገን የሆነ ኃይለኛ መድኃኒት እንደሚገኝ የሰማሁት ከእሷ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጥያቄዬን ጠየቅኳት። “አለርጂ ከሆነ የአለርጂው ኪኒን ለምን አልሠራልኝም?”

ወንበር ስባ ተቀመጠችና የምግብ ዝርዝሬ ወረቀት ጀርባ ላይ ቆዳን ሣለች። ከላይ ቅርፊት የሚሠራው ሽፋን፣ ከሥሩ ደም ሥሮችና የነርቭ ጫፎች ያሉበት ክፍል። ከዚያ ደም ሥሮቹና ነርቮቹ አጠገብ ድቡልቡል ነገሮች ሣለችና ውስጣቸውን በነጥብ ሞላችው። “እነዚህ ማስት ሴሎች ናቸው። አለርጂ ያሉዎት ሰዎች ፈጽሞ አልተሳሳቱም፤ ሕዋሱ አንድ ነው። ሥራው ግን ሌላ ነው” አለችኝ።

“ማስት” የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። ጀርመኖች ለገበያ ከብትና ዝይ ሲያደልቡ የሚሉት ቃል ነው፤ የደለበ ሰንጋ እንደምንለው። ስሙን ያወጣው ፓውል ኤርሊኽ ነው። በ1878 ላይፕሲግ ውስጥ የ24 ዓመት ተማሪ ሆኖ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲሠራ ሕዋሳትን በጨርቅ ማቅለሚያ ቀለም እየነከረ በማይክሮስኮፕ ያያቸው ነበር። አንዳንዶቹ በጥቃቅን ቅንጣቶች ተጨናንቀው ሲያይ ምግብ በልተው የጠገቡ መሰሉትና የደለቡ ሕዋሳት አላቸው። ግምቱ ስህተት ነበር፣ ስሙ ግን ቀረ። ሰውዬው ኋላ ፍራንክፈርት መጥቶ ሠርቷል፤ በ1908 ኖቤል ተሸልሟል፤ በስሙ የተሰየመ መንገድ እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ፣ ከዩሮ በፊት በነበረው የ200 ማርክ ብር ላይም ምስሉ ነበር። ስንት ጊዜ በዚያ መንገድ አልፌያለሁ።

ቅንጣቶቹ ምግብ አይደሉም። ሂስታሚን አለባቸው፣ ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አሉባቸው፣ ቲኤንኤፍ የተባለ ብግነት የሚቀሰቅስ ፕሮቲንም ተዘጋጅቶ ይቀመጥባቸዋል። ለምሳሌ ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ኦቾሎኒ ሲበላ፣ ማስት ሴሉ ላይ የተሰኩ አይጂኢ የሚባሉ ፀረ እንግዳ አካላት ኦቾሎኒውን ይለዩታል፤ ሕዋሱ በደቂቃዎች ውስጥ ቅንጣቶቹን ይረጫል፣ ቆዳው ያብጣል፣ ያሳክካል። ይህን የሚያደርገው በዋነኝነት ሂስታሚን ነው። እኔ ስውጠው የነበረው ኪኒን የሚዘጋው ይህችን አንዲት በር ብቻ ነው።

በሶሪያሲስ ግን ማስት ሴሉን የሚነካካው ምግብ አይደለም። ቆዳ ሲቧጠጥ ይነቃል። አጠገቡ ያሉ የነርቭ ጫፎች ሰብስታንስ ፒ የሚባል ንጥረ ነገር ሲለቁበት ይነቃል። ሰው ሲጨነቅ የሚመነጨው ሲአርኤች የተባለ ሆርሞንም ይቀሰቅሰዋል። ሲነቃም ሂስታሚን ብቻ አይደለም የሚለቀው፤ እነቲኤንኤፍ ወጥተው ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ ቦታው ይጠራሉ። በታማሚዎች ቆዳ ላይ ሲታይ፣ ማስት ሴሎቹ ከነርቭ ጋር የሚነካኩበት ቦታ ከጤነኛ ቆዳ ይልቅ በዝቶ ተገኝቷል። አዲስ ቅርፊት ሊወጣ ሲል ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ከሚነቁት መሐል ናቸው።

እኔ የገባኝ በሰፈራችን ዘበኛ ነው። ሌባ ሲያይ ፊሽካ ይነፋል፣ ሰፈሩ ይወጣል፤ ይሄ አለርጂ ነው እንበል፣ ምንም እንኳ ሌባው ኦቾሎኒ ቢሆንም። የእኔ ዘበኛ ግን በሩ በነፋስ ሲንገጫገጭም ይነፋል። ሰፈርተኛው ዱላ ይዞ ይወጣል። ችግሩ የወጣው ሰው ወደ ቤቱ አለመመለሱ ነው።

ሐኪሟ ምሳሌዬን ስነግራት ሳቀችና አንድ ነገር አረመችኝ፤ ሁሉንም በዘበኛው ላይ እንዳላሳብብ። እሳቱን ዓመት ከዓመት የሚያነዱት ቲ ሴል የሚባሉት ናቸው፤ ኢንተርሉኪን 23 እና ኢንተርሉኪን 17 በሚባሉ መልእክተኞች ይጠራራሉ። ቆዳው መልእክቱን ሲሰማ መፋጠን ይጀምራል። በጤነኛ ሰው አንድ ወር ገደማ የሚፈጀው የላይኛው ሽፋን መታደስ በሶሪያሲስ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ያልቃል፤ ያልበሰለው ሕዋስ ተደራርቦ ቅርፊት ይሆናል። ጠረጴዛው ላይ የረገፈው ያ ነው። ጀርም የለበትም፤ ማንም ላይ አይጋባም። እነዚያን መልእክተኞች የሚያግዱ መድኃኒቶች ሲሰጡ ቆዳው ይጠራል፤ ማስት ሴልን ብቻ በማረጋጋት ግን እስካሁን የሶሪያሲስ ሕክምና ሆኖ የወጣ መድኃኒት የለም። ከዋናው ነገር ውጭ ናቸው ማለት ግን አይደለም። በ2011 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በታመመ ቆዳ ውስጥ ኢንተርሉኪን 17ን ይዘው ከተገኙት ሕዋሳት አብዛኞቹ ማስት ሴሎችና ኒውትሮፊሎች መሆናቸውን አሳይቷል። ራሳቸው ይሠሩታል ወይስ ከሌላ ተቀብለው ያከማቹታል በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ።

ከነገረችኝ ሁሉ የማልረሳው ስለ ነርቭ ያለችውን ነው። አንዳንድ ታማሚዎች በአደጋ ወይም በቀዶ ሕክምና የአንድ ቦታ ነርቭ ተጎድቶባቸው ስሜት ሲያጡ፣ በዚያ ቦታ ላይ ብቻ የነበረው ሶሪያሲስ ጠፍቶላቸዋል። ነርቩ ዝም ሲል ቆዳውም ዝም አለ።

“እና እናቴ ስለሞተች ነው?” አልኳት።

“ሐዘን ሶሪያሲስን አይፈጥርም” አለችኝ፤ “ያለውን ግን ሊያስነሣ ይችላል። ከቤተሰብዎ እንዲህ ያለው ሰው ነበር?”

የለም ልላት አፌን ስከፍት አያቴ መጣብኝ። የእናቴ አባት በሐሩርም በብርድም እጅጌ ሙሉ ሸሚዝ ነበር የሚለብስ። ሁልጊዜም ለብቻው በትንሽ ትሪ ይቀርብለት ነበር። እኛ ልጆቹ ለክብሩ ነው እንል ነበር፤ ትልቅ ሰው አይደል? አንድ ጊዜ እጁን ስታጠብለት ክርኑን አይቼዋለሁ፤ የዛፍ ልጥ ይመስል ነበር። የዚያን ዕለት ሌሊት ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ፣ በሕይወቱ ስንት ጉርሻ አየር ላይ ቀርቶበት እንደሆነ ሳስብ አደርኩ። ሶሪያሲስ በዘር የመጋለጥ ነገር አለው፤ ከእናት ወይም ከአባት የግድ ይወረሳል ማለት ግን አይደለም። እናቴን ሳይነካ አልፎ እኔ ጋ መጣ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጭንቀትና ቆዳ መገናኘታቸውን ሳስረዳ ሰዎች ቶሎ ብለው “በይ እንግዲህ አትጨነቂ፣ ይለቅሻል” ይሉኛል። ሰው አትጨነቅ ስለተባለ ጭንቀቱን የሚተው ቢሆን ኖሮ ማን ይጨነቅ ነበር? ሳይነግሩኝ ያወቅኩት ጥቅም ሌላ ነው፤ ራሴን መውቀስ ተውኩ። በርበሬ ስለበላሁ አይደለም። ንጽሕና ጎድሎኝም አይደለም። ጥፍሬን አጭር አድርጌ እቆርጣለሁ፣ ከታጠብኩ በኋላ ቆዳዬ ሳይደርቅ ቫዝሊን እቀባለሁ፣ ሲያሳክከኝ ከመፋቅ በቀዝቃዛ ጨርቅ እይዘዋለሁ። መፋቅ ዘበኛውን መቀስቀስ መሆኑን ካወቅኩ ወዲህ እጄን መያዝ ቀሎኛል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ሕክምናው ረጅም ነበር። መጀመሪያ በሳምንት ሦስት ቀን የብርሃን ሕክምና አገኘሁ፤ ከፀሐይ ጨረር አንዷን ቁራጭ፣ ጠባቡን ዩቪቢ ብቻ የሚያወጡ መብራቶች ያሉት ሣጥን ውስጥ ለአጭር ጊዜ መቆም ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ለምን እንዳልጀመረኝ ያኔ ጠረጠርኩ፤ እዚያ ፀሐዩ በነፃ ነበር። በከፊል ተሻለኝ። ከዚያ ኢንተርሉኪን 17ን የሚያግድ፣ ከ2015 ጀምሮ ለሶሪያሲስ የተፈቀደ ሴኩኪኑማብ የተባለ መርፌ አዘዙልኝ። ከመጀመራቸው በፊት ግን የቲቢ ምርመራ አደረጉ፤ እኔ ውስጥ ተኝቶ የሚኖር ቲቢ ተገኘ። አልታመምኩበትም፣ አላሳልም። እንዲህ ያለው ቲቢ ከእኛ አገር በመጣ ሰው ላይ ብርቅ አይደለም፤ በሽታ የመከላከል አቅምን የሚነካ መድኃኒት ግን ሊቀሰቅሰው ስለሚችል አስቀድሞ ይታከማል። ሪፋምፒሲን ለአራት ወር ወሰድኩ። ሽንቴ ብርቱካናማ ሲሆን ሊገለኝ ነው ብዬ ደወልኩላቸው፤ ለካ ያለ ነገር ኖሯል። ሐኪሟ በየጊዜው ጣቶቼንም ትነካካለች፣ ጠዋት ጠዋት መገጣጠሚያዬ ይይዘኝ እንደሆነ ትጠይቀኛለች፤ በሽታው ከቆዳ አልፎ አጥንት መገጣጠሚያ የሚገባባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

አሁን ክርኔ ላይ ያለው ጥቁር ምልክት ብቻ ነው። መርፌው አያድንም፣ ይቆጣጠረዋል፤ ይህን ሁለቱን እየለየሁ መናገር ተምሬያለሁ።

ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ። “እታለም፣ ልጁን ክርኑና ጉልበቱ ላይ የሆነ ነገር ወጣበት። አለርጂ ነው ብለው ኪኒን ሰጡን።”

“ፎቶ ላክልኝ። የኪኒኑንም ፓኮ።”

ፎቶው ሲደርሰኝ ማጉላት አላስፈለገኝም። የኪኒኑን ስም ሳነብ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። ስንት ቀን ወሰደ አልኩት። ገና ዛሬ ሊጀምር ነው አለኝ።

“አታስጀምረው። እኔም ሐኪም አይደለሁም፤ ነገ ጠዋት የቆዳ ሐኪም ይየው። አለርት ውሰደው።”

ዝም አለ። ቆይቶ “እታለም፣ አለርት እኮ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። ልጁን እዚያ ሲያዩት ትምህርት ቤት ምን ይሉታል?” አለኝ።

ልክ ነው፣ ለሥጋ ደዌ ነው የተቋቋመው፤ ስለዚህም ቆዳ የሚያውቁ ሰዎች ያሉት እዚያ ነው አልኩት። አሁንም ዝም አለ። ስለ አያታችን ትሪ ነገርኩት። እሱ ሕፃን ስለነበር ትሪውን እንጂ ክርኑን አያስታውስም። ለክብሩ ይመስለኝ ነበር አለ እሱም።

በማግስቱ ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ከዘነበወርቅ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ነው የደወለው፤ ልጁ ከጎኑ ሆኖ ሳምቡሳ ግዛልኝ እያለ ሲያስቸግረው ይሰማኛል።